የልጅ ትኩሳት ማስታገሻ፦ በማንኪያ ሳይሆን በሚሊግራም

ፓራሲታሞል በልኩ ሲሰጥ ለሕፃናት ከሚሰጡ መድኃኒቶች ሁሉ እጅግ ከታመኑት አንዱ ነው። ልኩን ሲያልፍ ደግሞ ጉበት ይጎዳል፤ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ የሚመጣው ከወላጅ ቸልተኝነት አይደለም። ሳይነበብ ከታለፈ አንድ መስመር፣ ካልሆነም ከተሳሳተ ማንኪያ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ የምንሰጠው ለልክ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ምን ይነበባል?

የመድኃኒቱን ስም ካዩ በኋላ ቀጥሎ የሚፈልጉት ጥንካሬውን ነው፤ በስንት ሚሊሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ማለት ነው። የተለመደው የሕፃናት ፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ወይም 125 ሚሊግራም ይይዛል። እጥፉን፣ በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም የያዘም አለ፤ ከመለያ ጽሑፉ በቀር ጠርሙሱም ቀለሙም ሊመሳሰል ይችላል። ሦስተኛው ለጨቅላዎች ተብሎ የሚሸጠው፣ በጠብታ የሚሰጠው ትንሹ ጠርሙስ ነው። እሱ በ1 ሚሊሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሰጋው ይኸው ትንሹ ነው። ትንሽ ስለሆነና "ለጨቅላ" ስለተባለ ደካማ ይመስላል እንጂ ከሁሉም የጠነከረው እሱ ነው። ጎረቤት "አንድ የሻይ ማንኪያ ስጪው" ብላ የመከረችው ስለ ተለመደው ሽሮፕ ሊሆን ይችላል። ያው ምክር በጠብታው ላይ ቢሠራ ግን 5 ሚሊሊትር ማለት 500 ሚሊግራም ነው። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚበቃው 100 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ አምስት እጥፍ ተሰጠው ማለት ነው። በቀን አራት ጊዜ ከተደገመ 2,000 ሚሊግራም ይገባል፤ ይህ ለዚያ ልጅ ሕይወት የሚያሰጋ መጠን ነው።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት የራሱ ጣጣ አለው። ከአሜሪካ የሚመጣው የልጆች ታይሌኖል በ5 ሚሊሊትር 160 ሚሊግራም ነው፤ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው አሲታሚኖፌን ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ያው ፓራሲታሞል ነው። ከዓረብ አገር የሚላከው አዶልና ፓናዶል፣ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት አካሞልም ፓራሲታሞል ናቸው። "ፓናዶሉ አልሠራለትም፣ እስኪ አዶሉን ልስጠው" ማለት አንዱኑ መድኃኒት ሰዓቱ ሳይደርስ መድገም ነው። ስሙ በማይነበብ ቋንቋ ከተጻፈ ወይም መለያው ከለቀቀ ለልጅ አይስጡት። ለጎረቤት ለማካፈል ተብሎ ወደ ባዶ የውኃ ጠርሙስ የተገለበጠ ሽሮፕም እንዲሁ፤ ጥንካሬው የተጻፈበት ወረቀት አብሮት አልሄደም።

በክብደት ማስላት

የፓራሲታሞል ልክ ለአንድ ጊዜ በልጁ ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል 6 ሰዓት ይለፍ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም።

በዕድሜ መስጠት ለምን አይበቃም? የአንድ ዓመት ልጅ 7 ኪሎም 11 ኪሎም ሊሆን ስለሚችል ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው የዕድሜ ሰንጠረዥ የተሠራው ለአማካይ ልጅ ነው። ከሲታ ልጅ በዕድሜው ከተሰጠው ይበዛበታል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ለቀናት ምግብ ያልቀመሰ ልጅ ደግሞ ጉበቱ መድኃኒቱን የሚያከሽፍበት አቅም ስለሚቀንስ፣ ትርፉ ይበልጥ ይጎዳዋል። እንዲህ ላለ ልጅ በ10 ሚሊግራም በኩል መያዝና ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይሻላል።

ክብደቱን የት ያገኛሉ? የክትባትና የእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ አለ፤ ለጨቅላ ግን የሁለት ወር የቆየ ቁጥር አይሠራም። ሚዛን ያለው ፋርማሲ ከተገኘ ልጁን አቅፈው ይቁሙ፤ ከዚያ ብቻዎን ቆመው ይቀንሱ።

ለኪሎ 12 ሚሊግራም ገደማ ብንይዝ ልኩ እንዲህ ይመጣል። ለ6 ኪሎ ልጅ ከ120ው ሽሮፕ 3 ሚሊሊትር፣ ከ250ው 1.5 ሚሊሊትር፣ በሚሊሊትር 100 ከሚይዘው ጠብታ 0.7 ሚሊሊትር። ለ8 ኪሎ 4፣ 2 እና 1 ሚሊሊትር። ለ10 ኪሎ 5፣ 2.5 እና 1.2 ሚሊሊትር። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ120ው 7.5፣ ከ250ው 3.5 ሚሊሊትር፤ ለ20 ኪሎ 10 እና 5 ሚሊሊትር። በእጅዎ ያለው ጥንካሬ ከእነዚህ የተለየ ከሆነ ሒሳቡ አንድ ነው፦ ኪሎውን በ12 ያባዙ፣ የሚያስፈልገው ሚሊግራም ይወጣል፤ እሱን በ1 ሚሊሊትር ውስጥ ላለው ሚሊግራም ያካፍሉት። ስሌቱ ካልሆነልዎ ፋርማሲስቱ ጠርሙሱ ላይ በሚሊሊትር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። "ሦስት ጊዜ አንድ ማንኪያ" የሚል ጽሑፍ ይዘው አይውጡ።

ክኒን መቁረጥ የተለመደ ነው። የ500 ሚሊግራም ክኒን ሩቡ 125 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለ10 ኪሎ ልጅ ልክ ነው፣ ለ5 ኪሎ ሕፃን ግን እጥፍ ነው። በቢላ ሲቆረጥም አራቱ ክፋይ እኩል አይሆንም። ሽሮፕ ከተገኘ ሽሮፑ ይሻላል።

ማንኪያውን ተዉት

የሻይ ማንኪያ ሲባል 5 ሚሊሊትር ተብሎ ይታሰባል። ቤት ያለው የሻይ ማንኪያ ግን አንዱ 3፣ ሌላው 7 ሚሊሊትር ሊይዝ ይችላል፤ የወጥ ማንኪያ ከሆነማ አይነሣ። ከጠርሙሱ ጋር የመጣው መለኪያ ለዚያ መድኃኒት ነውና ከሌላ ጠርሙስ ጋር አያቀያይሩት። መለኪያ ከሌለ ፋርማሲ የ5 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ይግዙ። መርፌውን ከነመክደኛው አውጥተው ይጣሉት፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ካለችም ልጁ ዘንድ ሳይደርሱ ያስወግዷት። በግፊት ተወርውራ ጉሮሮ ውስጥ ልትቀረቀር ትችላለች።

አሰጣጡም ቅደም ተከተል አለው። ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁት፤ መድኃኒቱ ሥር የሚዘቅጥ ከሆነ ላዩ ይሳሳና የመጨረሻው ይከብዳል። በሲሪንጁ ይሳቡ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው አየሩን ያስወጡ፣ መስመሩን በዓይንዎ ትክክል ይዘው ያንብቡ። ልጁን ቀና አድርገው ያቅፉት፤ ተንጋሎ አይጠጣም። ጫፉን በጉንጩ ውስጠኛ በኩል አስገብተው ትንሽ ትንሽ ይግፉ፣ እስኪውጥ ይጠብቁ። በጉሮሮው አቅጣጫ በአንድ ጊዜ መግፋት ወይም አፍንጫ ይዞ ማጋት ወደ ሳንባ ሊወስደው ይችላል። ሙሉ ጡጦ ወተት ውስጥ አይቀላቅሉት፤ ጡጦውን ካልጨረሰ ስንት እንደወሰደ አይታወቅም።

ካስመለሰስ? በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሆነና መድኃኒቱ መውጣቱ ከታየ አንድ ጊዜ ሊደገም ይችላል። ከዚያ ካለፈ ወይም ካጠራጠረ አይድገሙ፤ የሚቀጥለውን ሰዓት ይጠብቁ። በፊንጢጣ የሚገባው ፓራሲታሞልም ፓራሲታሞል ነው፤ ከሽሮፑ ጋር ተደምሮ ከቀኑ 4 ጊዜ ይቆጠራል እንጂ ለብቻው አይታይም።

ሰዓቱን መጻፍ

አባት ቢሮ ከመሄዱ በፊት ይሰጣል፣ ሞግዚቷ ቀን ትሰጣለች፣ አያት ማታ መጥተው ያተኩሰዋል ብለው ይደግማሉ። ጠርሙሱ ላይ በላስቲክ የታሰረች ቁራጭ ወረቀት ይህን ታስቀራለች፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሚሊሊትር፣ ስንት ሰዓት፣ ማን እንደሰጠ።

እኛ ቤት ደግሞ ሌላ ቦታ እምብዛም የሌለ አንድ አደጋ አለ፦ ሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር። እናት ከስልኳ አይታ 2:00 ብላ ጻፈች እንበል፤ የጻፈችው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቷ ነው። ሞግዚቷ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወረቀቱን ስታይ "ጠዋት 2 ሰዓት ተሰጥቶታል፣ ስምንት ሰዓት አልፎታል" ትልና ትደግማለች። ያለፈው ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱ በአንድ አቆጣጠር ይስማማ፤ ሲጻፍም "ከቀኑ 8 ሰዓት" ተብሎ ይጻፍ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ልጅ የሚጠብቁላችሁ አያት ከአገር ቤት የመጡ ከሆነ ይህን ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ኢቡፕሮፌን

ከፓራሲታሞል የተለየ መድኃኒት ነው፤ አድቪል፣ ሞትሪን፣ ኑሮፌን ተብሎም ይመጣል። ልኩ ለአንድ ጊዜ ለኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓት፣ በቀን ከ3 ጊዜ ሳይበልጥ ነው። የተለመደው ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ስለሚይዝ ለ10 ኪሎ ልጅ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊሊትር ይሆናል። የአሜሪካው የጨቅላዎች ጠብታ ግን በ1.25 ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከሽሮፑ እጥፍ ይጠነክራል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ያለ ሐኪም አይሰጥ።

ኢቡፕሮፌንን የምንጠነቀቅበት ምክንያት ኩላሊት፣ ጨጓራና ደም መርጋት ላይ ስለሚሠራ ነው። ተቅማጥና ትውከት ያለበት፣ አፉ የደረቀ፣ ሽንቱ የቀነሰ ልጅ አይሰጠውም፤ ውኃው ባለቀ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል። ጉድፍ (ቺክንፖክስ) የወጣበት ልጅም አይሰጠው፤ ቆዳው ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። አስም ያለበት ልጅ ከዚህ በፊት በዚህ መድኃኒት ትንፋሹ ካጠረ ይቅርበት። ድሬዳዋና አፋርን በመሳሰሉ የደንጊ ትኩሳት በታየባቸው ቆላማ አካባቢዎችም ምርመራ ሳይደረግ ኢቡፕሮፌን አይታሰብ፤ ደንጊ ራሱ ያደማል፣ መድኃኒቱ ያባብሰዋል። እዚያ ፓራሲታሞል ብቻ።

ሁለቱን ማፈራረቅ? በአንዱ ይጀምሩ። ልጁ እየተሠቃየ ከሆነና የሚቀጥለው ሰዓት ካልደረሰ ሌላውን መስጠት ይቻላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጠጣት ግን አያስፈልግም። ማፈራረቅ ሰዓቱን ያወሳስባል፤ ወረቀት ላይ የማይጻፍ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል።

ለልጅ የማይሰጡ

አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ከጉንፋንና ከጉድፍ ጋር ሲገናኝ አንጎልና ጉበትን የሚያጠቃ፣ ራይ ሲንድረም የሚባል ብርቅ ግን ገዳይ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ዳይክሎፌናክ፣ በክኒንም በመርፌም፣ ቤት ውስጥ ለልጅ ትኩሳት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። "መርፌ ቶሎ ያበርዳል" ተብሎ ወደ መርፌ መሮጥም አይጠቅም፤ ልጁ መዋጥ ከቻለ ሽሮፑ ይበቃዋል። ትራማዶልና ኮዴይን የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ከ12 ዓመት በታች ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ።

የጉንፋንና የሳል ድብልቅ ሽሮፖችን ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባትገዙ ይመረጣል። ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ከጎኑ ፓራሲታሞል ሲጨመር እጥፍ ይሆናል።

የት እንደምትገዙም ልብ በሉ። በ2022 ጋምቢያ ውስጥ በመርዛማ ኬሚካል፣ በዳይኢቲሊን ግላይኮልና በኢቲሊን ግላይኮል በተበከሉ የሕፃናት ሽሮፖች ከ60 በላይ ልጆች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞተዋል። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያም ተመሳሳይ እልቂት ደርሷል። መርዙ በጣዕምም በጠረንም አይለይም። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ መግዛት፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ የአምራቹ ስምና የመጠቀሚያ ጊዜው የሚነበብ መሆኑን ማየት በወላጅ እጅ ያለ መከላከያ ነው። ሽሮፕ ከጠጣ በኋላ ሽንቱ የጠፋ ልጅ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ቴርሞሜትሩን ሳይሆን ልጁን ማየት

በብብት ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ብብቱ ይድረቅ፣ ክንዱ ደረቱ ላይ ይጠጋ፣ ቴርሞሜትሩ እስኪጮኽ ይያዝ። ትኩሳት ግን ራሱ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት ከተሕዋስያን ጋር ሲታገል የሚፈጥረው ሙቀት ነው። 38.3 ሆኖ የሚጫወት፣ የሚጠጣ ልጅ መድኃኒት ላያስፈልገው ይችላል። 38 ሆኖ የሚያለቅስ፣ ጡት እምቢ ያለ፣ ጆሮውን ያመመው ልጅ ግን ይሰጠው። የተኛን ልጅ ለመድኃኒት ብሎ መቀስቀስ አያስፈልግም። ፓራሲታሞል መሥራት የሚጀምረው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ትኩሳቱን 1 ዲግሪ ያህል ቢያወርደውና ልጁ ቢነቃቃ ሠርቷል ማለት ነው። 37 እስኪገባ ብሎ መደራረብ ነው ልክ የሚያሳልፈው።

ጋቢ ላይ ጋቢ መደረብ፣ መስኮት መዝጋት ሙቀቱን ያፍነዋል፤ ቀለል ያለ አንድ ልብስ ይበቃል። ቀዝቃዛ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል፣ መንቀጥቀጡ ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። በአረቄ ወይም በአልኮል ማሸት ፈጽሞ አይደረግ፤ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ሕፃን ይመርዛል። ጡት ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ ከ6 ወር በላይ ከሆነ ውኃና ሾርባ ደጋግሞ ማጠጣት የመድኃኒቱን ያህል ይረዳል። ለምች ተብሎ ዳማከሴ የሚጨመቅበት ቤት ብዙ ነው፤ እሱን እየጠበቁ ምርመራውን ማዘግየት ግን አይገባም። "ጥርስ ሊያወጣ ነው" ተብሎ የሚተው ከፍተኛ ትኩሳትም አለ፤ ጥርስ ማውጣት ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም። እንጥል ማስቆረጥና ድድ ማስፈንቀል ደግሞ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይጨምሩበታል እንጂ ትኩሳት አያወርዱም።

ከክትባት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ማተኮስ የተለመደ ነው። የ6 ሳምንቱን ክትባት ለወሰደ ሕፃን ግን ጨቅላ ስለሆነ፣ ልኩን ከክትባት ሰጪዋ በሚሊሊትር አጽፈው ይውጡ። ባለሙያ ካላዘዘ ከክትባቱ አስቀድሞ አይሰጥ።

ማስታገሻ የማይበቃበት

ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ከክትባት በኋላ ባለሙያዋ ልኩን ጽፋ ካልሰጠችዎ በቀር፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት እየሰጡ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ይድረስ። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት የደም ወይም የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን የመጀመሪያና ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል።

በየትኛውም ዕድሜ የማይጠጣ ወይም የማይጠባ፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የደነዘዘ ወይም ለመቀስቀስ ያስቸገረ፣ አንገቱ የደረቀ፣ እርግብግቢቱ ያበጠ፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ የወጣበት ልጅ ወዲያው ይሂድ። አተነፋፈሱን ሲረጋጋ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው፤ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ አደጋው ከፍ ይላል።

ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም ከዚያ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከጣቱ ደም ወስዳ እዚያው ታየዋለች። ፓራሲታሞል የወባን ትኩሳትም ያበርዳል፤ "በመድኃኒቱ ለቀቀው" መባሉ ወባ አለመሆኑን አያሳይም። ሌላ ምልክት ባይኖርም ሦስተኛ ቀን የገባ ትኩሳት ይታይ።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ አንዳንድ ልጆች በትኩሳት ምክንያት ራሳቸውን ስተው ይንቀጠቀጣሉ። በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓት ይያዙ። ማንኪያ በጥርሱ መካከል አያስገቡ፣ ክብሪት አያሽትቱት፣ ሽሮፕም ውኃም አያጠጡት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ፤ ቢያቆምም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ከልክ በላይ ከተሰጠ

ሽሮፑ ስለሚጣፍጥ ልጅ ራሱ ጠርሙሱን ሊጨርሰው ይችላል፤ ከረሜላ ነው ብለው አያባብሉት፣ ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡት። እጥፍ ተሰጠ ወይም ጠጣ ብለው ከጠረጠሩ ምልክት አይጠብቁ። በፓራሲታሞል መመረዝ የመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን፣ ያም ላይኖር ይችላል፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ጉበት ተጎድቷል። ኤን አሲቲልሲስቲን የሚባለው ማርከሻ ይበልጥ የሚያድነው በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ወተት ወይም ጨው ያለበት ውኃ እየሰጡ ለማስታወክ አይሞክሩ። ጠርሙሱን፣ የሰዓት ወረቀቱንና የልጁን ክብደት ይዘው በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ እስራኤል 101፤ አሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ 1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም ያነሣል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።